«ከጫካ ያራቅኳትን ልጄን መልሼ ጫካ ልላካት?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። 11ኛ ክፍል ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። በትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች። የባዮሎጂ መምህራቸው በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት የክበቡን ልጆች መናገሻ ሱባ ደን ሊወስዷቸው ነው። ሦስት ቀን ይቆያሉ። ሁለት ሌሊት በድንኳን ያድራሉ። ሲመለሱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ወንዝ ላይ ልጆቹ ራሳቸው የሚመሩት ሥራ ይጀምራሉ። ክፍያው 2,500 ብር ነው። የፈቃዱን ወረቀት ፈርመን መመለስ ያለብን በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ልጄ ስለዚህ ጉዞ ስታወራ ፊቷ ይፈካል። ባለፈው ክረምት ግቢያቸው ውስጥና ወንዙ ዳር 200 ችግኝ ተክለው ነበር። ኅዳር ላይ ደብተር ይዛ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። የተረፉት 31 ናቸው። ያን ቀን ማታ እራቷን ትታ ቁጭ አለችና «እማዬ፣ ተከልን እንጂ አላሳደግንም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

አባቷ ግን እምቢ ብሏል። «ትምህርት ቤት የላክኋት የዛፍ ዘበኛ እንድትሆን አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ማትሪክ አለባት» ነው የሚለው። ክፉ ሰው እንዳይመስልዎት። ሹፌር ነው፤ ሌሊት ጭምር እየሠራ ነው የሚያስተምራት።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለብኝ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ከ9 ዓመቴ ጀምሮ እኔም አብሬያት ቅጠልና ጭራሮ እለቅም ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን። በባዶ እግሬ ነበር የምወጣው። አንድ ቀን የደን ጥበቃዎች ያዙን። እንጨቱን ቀሙን። ገመዳችንን ሳይቀር ወሰዱት። እናቴ ስትለምናቸው መሬት ለመሬት ሲጎትቷት አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ጫካ ሲባል ጀርባዬን ያመኛል። ለልጄ ግን «አያትሽ ነጋዴ ነበረች» ብዬ ነው የነገርኳት። ይህን ሁሉ የለፋሁት እሷ ጫካ እንዳትገባ ነበር። አሁን በራሷ ፈቃድ፣ ለዚያውም ተከፍሎላት ልትገባ ነው።

እህቴ «ዝም ብለሽ ፈርሚላት፤ ለአባቷ እኔ ቤት ናት በይው» አለችኝ። ልቤ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ግን ጅቡስ? ወንድና ሴት አብረው ሲያድሩስ? ትምህርቷስ? እባክዎ ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። በዕድሜ የምንቀራረብ ይመስለኛል።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ስለ ልጅሽ የተጻፈ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው እናትሽን አየኋት። ገመዷን የተቀማች ሴት። ገመድ እኮ ለእንጨት ተሸካሚ የነገ እንጀራዋ ነው። ይህን ለስንት ዓመት ብቻሽን ይዘሽ ኖርሽ? እንኳን ጻፍሽልኝ።

ስለ ጉዞው ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቸኩለሽ አትመልሺልኝ። እጅሽ ፊርማው ላይ የሚይዘው ጉዞው አደጋ አለው ብለሽ ነው? ወይስ ጫካ የሚለው ስም ራሱ ስለሚያምሽ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አያስወቅስሽም። ግን ለያይተሽ ብታያቸው ይቀልሻል። ለመጀመሪያው መምህሩን መጠየቅ ይቻላል። ለሁለተኛው ግን መምህሩ መልስ የላቸውም። እሱ ያንቺና የልጅሽ ጨዋታ ነው። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ክበብም መርቻለሁ። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ጭንቀት አውቀዋለሁ፤ ልጁን የሚልከውንም፣ የሚወስደውንም። በአንዱ ጉዟችን 42 ልጆች ይዘን የሄድነው ሁለት አስተማሪዎች ብቻ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ስንቆጥር አንዲት ልጅ ጎደለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግናት። ጅረት ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘናት፤ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስህተቱ የጫካው አልነበረም። የኛ ነበር። ልጆቹን ሁለት ሁለት አላጣመርናቸውም። በየስንት ጊዜው እንደምንቆጥር እንኳን አልተነጋገርንም። ሽርሽር ነው ብለን ነው የወጣነው።

ስለዚህ «ትሂድ ወይስ ትቅር?» ከሚለው በፊት «ይህ ጉዞ ሽርሽር ነው ወይስ ትምህርት?» ብለሽ ብትጠይቂ እመክርሻለሁ። ልጅሽ ከምትነግርሽ ነገር ትምህርት ይመስላል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ።

ልጅሽ አንድ ጥያቄ አንገብግቧታል። 200 ተክለን 169ኙ ለምን ሞቱ? ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አልመጣም። ደብተር ይዛ በራሷ እግር ዞራ ያመጣችው ነው። መናገሻ ሱባ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር መጥቶ እንደተተከለበት ይነገራል። ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም፤ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ኮሶውና አስታው ዛሬም አለ። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። የምኒልክ ድኩላም ይታያል። ማለትም ልጅሽ የምታየው ሰው ተክሎ ያሳደገው ደን ነው። የተተወ አይደለም፤ የተጠበቀ ነው።

እዚያ ምን እንደምትማር በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺው። ጥር ላይ ነው፤ ዝናብ ከቆመ ወራት አልፈዋል። መምህሩ አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ያስቀምጧቸውና «እጃችሁን ከቅጠሉ ሥር አስገቡ» ይሏቸዋል። ከላይ ደረቅ ነው። ጣቷን ሰደድ ስታደርገው ግን አፈሩ እርጥብ ነው፤ ይቀዘቅዛል። ጥቁር ነው። ትል ይርመሰመስበታል። እንግዲህ የትምህርት ቤታቸውን ግቢ ታስታውሳለች። እዚያ መሬቱ በሺህ እግር ተረግጦ እንደ አስፋልት ደርቋል። ምናልባት ችግኙን ከነፕላስቲኩ የቀበረም አይጠፋም፤ ሥሩ መላወሻ አጥቶ ታፍኖ ይሞታል። ምናልባት ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ምናልባት ነሐሴ ላይ ፎቶ ተነስተው የሄዱ ልጆች፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም አንድ ጆግ ውሃ የሚያጠጣ ተራ አላወጡም። ምናልባት ፍየል ገብቷል። ይህን ሁሉ እኔ እዚህ ብዘረዝርላት ጽፋ ትይዘው ይሆናል። በራሷ ጣት ከነካችው ግን እስከ ልጅ ልጆቿ አትረሳውም። በተግባር መማር የሚባለው ይኸው ነው።

አገራችን ብዙ መትከል ታውቅበታለች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ልጅሽ እንግዲህ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው የያዘችው። በሚቀጥለው ጥር ማን ያጠጣዋል? በእኔ ግምት፣ ኅዳር ላይ ደብተር ይዞ የሚቆጥር ልጅ ሐምሌ ላይ ከሚተክል መቶ ልጅ ይበልጣል። ሰብሳቢነቷ የጀመረው ስትመረጥ አይደለም፤ ያን ቀን ነው።

ታዲያ ጉዞው ትምህርት የሚሆነው ማታ ማታ ቁጭ ብለው ካወሩበት ነው። ይህን መምህሩን ጠይቂልኝ። ልጆች ቀን ሙሉ ዞረው፣ በልተው፣ ሙዚቃ ከፍተው ቢተኙ ሽርሽር ሆነ። እሳት ዳር ክብ ሠርተው «ዛሬ ምን አያችሁ? ምን ገረማችሁ? ግቢያችን ስንመለስ ምን እንለውጣለን?» ከተባባሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያፍረው ልጅ የሚናገረው እዚያ ነው። የምታኮርፈው ልጅ የምትታረቀው እዚያ ነው። ልጅሽም ሰብሳቢ ማለት ብዙ የሚያወራ ሳይሆን ዝም ያለውን የሚያይ መሆኑን የምትማረው እዚያው ይመስለኛል።

የወንዙ ሥራ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ቀላል ዘዴ ልንገርሽ፤ ለልጅሽ አድርሽላት። ማጥለያና ነጭ ሳህን ይያዙ። ደኑ ውስጥ ካለው ንጹሕ ጅረት ድንጋይ ገልብጠው ሥሩ ያሉትን ትንንሽ ነፍሳት ሳህኑ ላይ ያራግፉ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን ጅራት ያላቸው፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ እጮች ይገኛሉ። እነሱ ቆሻሻ አይችሉም። ከዚያ ከተማ ተመልሰው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያንኑ ያድርጉ። እዚያ ምናልባት የሚያገኙት ደም የመሰለ ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ነው። የላብራቶሪ ዕቃ ሳይኖር ወንዙ ራሱ ሕመሙን ይናገራል ማለት ነው። ታዲያ ረጅም የጎማ ጓንትና ቦቲ ሳያደርግ ማንም የከተማው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። የተላጠ ቁስል ያለበት ልጅ ደግሞ ከዳር ሆኖ ይመዝግብ። ይህ ላይ አልደራደርም።

ወንዙ ደግሞ እዚያው አይቀርም። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንትይቀጡ አድርገው አቃቂ ይገባሉ። ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። መንገድ ላይ በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። እሱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ልጅሽ ይህን መስመር በካርታ ብትስለውና ለክፍሏ ብታሳየው፣ ከጀርባቸው ያለው ቦይ የቆሻሻ መጣያ መሆኑ ቀርቶ የምሳቸው ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ፈተናው እንነጋገር። ባለቤትሽን አልፈርድበትም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ አባት እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። ግን ልብ በይ፣ ልጅሽ አሁን 11ኛ ናት። ጊዜው እንዲያውም ዘንድሮ ነው። 12ኛ ስትገባ ሰብሳቢነቱን ለታናናሾቿ ታስረክብ፤ ይህንም ከአሁኑ ትስማማ። ጉዞው በእረፍት ነው፤ ክፍል አያመልጣትም። ከመሄዷ በፊት የጥናት ፕሮግራሟን በወረቀት ጽፋ ለአባቷ ታሳየው። ውጤቷ በሚቀጥለው መንፈቅ ከወረደ የክበቡን ሰዓት ትቀንስ። እንዲህ ያለ ውል ከልጅ ጋር መዋዋል ነውር የለውም። ራሷ ያመጣችው ቃል ከሆነ ደግሞ ትጠብቀዋለች።

አሁን እህትሽ ወዳለችው ልምጣ። «እኔ ቤት ናት በይው።» እህትሽ የወደደችሽ መስሏት ነው። ግን እባክሽ ይህን አታድርጊው። የመጀመሪያው ምክንያቴ ደኅንነት ነው። ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አባቷ ልጁ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ይሆናል። መኪና ያለው፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ አይደል? ሁለተኛው፣ ልጅሽ ያንን ውሸት ይዛ ነው የምትሄደው። በየሰዓቱ አባቷ ይደውል ይሆን ብላ ስልኳን ስታይ ትውላለች። ሦስተኛውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቤታችሁ ውስጥ ስለ ጫካ የተነገረ አንድ እውነት ያልሆነ ነገር አለ። ሁለተኛ አትጨምሪበት። ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እናትሽን «ነጋዴ ነበረች» ያልሽው አፍረሽባት ሳይሆን ልጅሽን ከሕመሙ ልትጋርጂያት ነው። ደግሞም እኮ ነግዳለች፤ በጀርባዋ።

ባልሽን እንዴት ታናግሪው? እኔ ብሆን ክርክር አልገጥምም። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሂዱ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ 705 ሄክታር ስፋት አለው። አገር በቀል ዛፎቹን ታያላችሁ። ልጅሽ ትምራችሁ። የዛፉን ስም እሷ ትንገረው፤ እሱ ይጠይቃት። አባት ልጁ የማያውቀውን ነገር ስታስረዳው መስማት ደስ ይለዋል። አፍ አውጥቶ ባይናገርም። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ስትጠጡ «የምትፈራው ምንድነው?» በይው። «ዘበኛ» ካለው ቃል ጀርባ ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምናልባት የሱም ልፋት ከንቱ እንዳይሆን ይፈራል።

«ዘበኛ» ካለ ግን አንድ ነገር ንገሩልኝ። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ቦታ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሰፊ የደጋ ሣር ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጉታል። ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም። ከዚያ ተመካክረው ይከፍቱትና ሁሉም በተራው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብቱ ይወስዳል። ጠባቂዎቹን የሚሾመው ሕዝቡ ነበር። እዚያ አገር መጠበቅ የተናቀ ሥራ አልነበረም፤ የሚከበር አለቅነት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም፣ ሕዝቡ ጓሳውን ጨርሶ አልተወውም።

ይህን ያነሳሁት ለባልሽ ብቻ አይደለም። እናትሽን የጎተቷት ጥበቃዎችም ጫካ እየጠበቁ ነበር። ልዩነቱን አየሽው? ጓሳ ላይ የሚጠበቀው ሣሩን ለሚፈልገው ሰው ነው። እንጦጦ ላይ ያን ቀን የተጠበቀው ከሚፈልገው ሰው ነበር። የባሕር ዛፉም ነገር ይገርማል። ምኒልክ ከባሕር ማዶ ያስመጡት አዲሲቷ ከተማ ማገዶ ስላለቀባት ነው፤ ስሙ ራሱ ይህን ይናገራል። ለማገዶ የመጣ ዛፍ ነው። ታዲያ ለማገዶ ብላ የለቀመችው ሴት ለምን መሬት ለመሬት ተጎተተች? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የአካባቢ ጥበቃ መሪ እኔ አላምነውም። ልጅሽ ነገ ወንዙ ዳር ሥራ ስትጀምር፣ እዚያ ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ቆሻሻ መጣያ ያጡ ሰዎች ታገኛለች። እነሱን እንደ ጠላት ታያቸዋለች ወይስ ቁጭ ብላ ታናግራቸዋለች? ይህን የሚያስተምራት መናገሻ አይደለም። አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ንገሪያት። ከጉዞው በፊት። ሁሉንም በአንድ ማታ መዘርገፍ የለብሽም። ቡና እያፈላሽ «አያትሽ ነጋዴ ነበረች ብዬሻለሁ፤ ምን እንደምትነግድ ግን አልነገርኩሽም» ብለሽ ጀምሪ። የሽሮ ሜዳውን ዳገት ንገሪያት። ሌሊት 10 ሰዓት ስትነሱ ብርዱ እንዴት እንደነበር ንገሪያት። እርጥቡን እንጨት ከደረቁ በምን እንደምትለዩ፣ ሸክሙ ጀርባ ላይ እንዳይንሸራተት እንዴት እንደሚታሰር ንገሪያት። ይህ እኮ እውቀት ነው። እናትሽ ስለዚያ ጫካ ያወቀችው ነገር ከብዙ ባለሙያ ይበልጣል። ጥበቃዎቹ ያደረጉትን ለመናገር ከከበደሽ ቆይ ይደር። ብታለቅሺም ችግር የለውም። ልጅሽ 16 ዓመቷ ነው፤ እናቷ ስታለቅስ መያዝ ትችላለች። የምትፈሪው እንድትንቅሽ ከሆነ ደግሞ፣ 31 ችግኝ ቆጥራ እራት ያልበላች ልጅ አያቷን የምትንቅ አይመስለኝም።

ወደ ፊርማው እንመለስ። መምህሩ ጋ በአካል ሂጂ፤ ከቻልሽ ከባልሽ ጋር። ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ እንደሚሄድ ጠይቂ። ለ10 ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ከሌለ እኔ አልፈርምም። የሴቶቹ ድንኳን ለብቻ መሆኑን፣ እዚያው አጠገባቸው የምታድር ሴት መምህርት መኖሯን አረጋግጪ። «አንዷን ጎትተን እናመጣለን» ከተባልሽ የምትመጣውን ሴት ስም ሳትሰሚ አትፈርሚ። የመንገዱን ሰላም በዚያ ሳምንት ከማን እንደሚጠይቁ፣ ስልክ የት ድረስ እንደሚሠራ፣ ሌሊት መኪናው እዚያው ያድር እንደሆነ፣ ቅርብ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ይንገሩሽ። በየስንት ሰዓቱ ይቆጠራሉ? ይህን የምጠይቅበትን ምክንያት ታውቂዋለሽ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ምን ይዘዋል? ጥሩ መምህር በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ እሱም መልስ ነው። ያን ጊዜ ዘንድሮ ይቅርና በቀን ጉዞ ጉለሌ ይጀምሩ ብትይ አልቃወምሽም።

ጅቡን ስለጠየቅሽኝ፦ ይጮሃል፣ ትሰማዋለች፣ ትፈራለች። ምግብ ድንኳን ውስጥ ካላሳደሩ፣ ሌሊት ብቻዋን ካልወጣች፣ ባትሪ ከያዘች ከፍርሃቱ አያልፍም።

ለልጅሽም አንድ የቤት ሥራ ስጪልኝ። 2,500 ብር ማውጣት አቅቶት «እኔ አልፈልግም» ብሎ የቀረ የክበቡ ልጅ አለ ወይ? ታጣራ፤ ግን ማንንም ሳታሳፍር። ካለ ደግሞ ከመምህሩ ጋር ሆና መላ ትፈልግ። የሰብሳቢ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ወፎችን ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ ከትምህርት ቤት ክበባት ጋርም ሠርቷል። ሄዳ ታነጋግራቸው።

መልሶቹ ካረኩሽና አባቷም ከተስማማ፣ እኔ ብሆን እፈርምላታለሁ። ካልተስማማ ደግሞ ሳትዋሺው ጊዜ ስጪው። ደኑ እዚያው ነው፤ በሚቀጥለው እረፍትም ይጠብቃታል።

ስትሄድ ውፍረት ያለው ካልሲ፣ ሞዴስ፣ የግል መድኃኒት ካላት እሱን ሸክፊላት። ስሊፒንግ ባግ ካላገኛችሁ አትጨነቂ፤ ጋቢ ስጫት። የእናትሽ ጋቢ ካለ እሱን ስጫት። ጥር ላይ ሌሊቱ እዚያ በጣም ይበርዳል።